ኮምፒውተራችሁ ሲያስቸግር አዳማ ላይ ለማን ትሰጡታላችሁ? ጥገና ቤት፣ ቤት መጥቶ ሠሪ፣ የሰፈር ተማሪ፣ አዲስ አበባ ወይስ አስተማሪ

አዳማ ውስጥ ኮምፒውተር የሚነካ ሰው ሞልቷል። ፍራንኮና ፖስታ ቤት አካባቢ ዞር ዞር ላለ ሰው "ጥገና፣ ፎርማት፣ ሶፍትዌርና ፊልም ጭነት" የሚል ጽሑፍ ማግኘት አያዳግትም። ቴሌግራም ላይ "ቤትዎ ድረስ መጥተን እንሠራለን" የሚሉ አሉ። የጎረቤት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ የአክስት ልጅ አዲስ አበባ ቦሌ የሚያውቀው ሠሪ አለ። ግራ የሚያጋባው ሁሉም አንድ መልስ መስጠታቸው ነው፤ "ችግር የለውም፣ አምጡት።"

እዚህ የማንንም ሱቅ ስም አልጠራም። የጥገና ቤት ጥሩነት ከውስጥ ከተቀመጠው ልጅ ጋር ይሄዳል፤ ልጁ የራሱን ሱቅ ሲከፍት ስሙ ታፔላው ላይ ይቀራል፣ ሙያው ከእሱ ጋር ይወጣል። ስለዚህ የማነጻጽረው የአገልግሎት ዓይነቶችን ነው።

በመጀመሪያ፦ የተበላሸው ምንድን ነው?

ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት የገጠማችሁን ነገር ከሦስቱ ወደ አንዱ መድቡት።

አንደኛው የዕቃ ብልሽት ነው። ጨርሶ አልበራም ማለት፣ የተሰነጠቀ ስክሪን፣ ቻርጅ አለመቀበል፣ የሞቱ የኪቦርድ ፊደሎች፣ ቀጭ ቀጭ የሚል ሃርድ ዲስክ፣ ያበጠ ባትሪ እዚህ ይገባሉ። የላፕቶፑ ታችኛ ክፍል ተነፍቶ ጠረጴዛ ላይ አልረጋም ካለ፣ ወይም በጣት የሚነካው ማውስ ወደ ላይ ከተገፋ፣ ባትሪው አብጧል። ቻርጅ ማድረጉን ዛሬውኑ አቁሙ።

ሁለተኛው የሶፍትዌር ጣጣ ነው፤ ቫይረስ፣ መሐል ላይ ደርቆ የሚቀር ዊንዶውስ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ ሲመለስ ፋይሎቹ ሁሉ ሾርትከት የሆኑ ፍላሽ። (ይህ የመጨረሻው ሰውን ያስደነግጣል እንጂ ፋይሎቹ ብዙ ጊዜ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። ፍላሹን ፎርማት ካደረጋችሁት ግን ያን ጊዜ በእርግጥ ጠፉ።)

ሦስተኛው ዓይነት ገንዘብ በከንቱ የሚፈስበት ነው። ኮምፒውተሩ ደህና ነው፣ ሰውየው ነው ያላወቀበት። ዋይፋዩ በስህተት ተዘግቷል። ዳውንሎድ የሚባለው ፎልደር በፊልም ታጭቆ ዲስኩ ቀይ አብርቷል። አንድ ቀን ብራውዘሩ ላይ "አላው" (Allow፣ ፍቀድ) የሚል ነገር ተነክቶ በየደቂቃው ማስታወቂያ ይዘንባል። ይህን ይዛችሁ ጥገና ቤት ብትሄዱ ይስተካከልላችኋል፣ ትከፍላላችሁ፣ በወሩ ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ። የሚያስፈልጋችሁ የሁለት ሰዓት ትምህርት ነበር። እኔ እንደማየው "ላፕቶፔ አስቸገረኝ" ከሚሉት ብዙዎቹ ከዚህ መደብ ናቸው፤ ጠጋኝ ግን "ምንም አልሆነም፣ ይህን ተማሩ" ብሎ ቢመልሳቸው ገቢ የለውም።

የአዳማ ሰው በእነዚህ ላይ አቧራን ይጨምር። የከተማችን ነፋስ አዳማ 1 ላይ 51፣ አዳማ 2 ላይ 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተተከሉትን ተርባይኖች የሚያሽከረክር ነው፤ ያው ነፋስ በመስኮት ገብቶ ላፕቶፕ ውስጥ ይቀመጣል። ሁለት ሦስት በጋ ያሳለፈ ላፕቶፕ ታችኛው ክዳን ሲፈታ ፋኑ ንጹሕ ሊመስል ይችላል፤ ከፋኑ ቀጥሎ ያሉትን ቀጫጭን የብረት ክንፎች አጠገብ ስታዩ ግን አቧራው ከፀጉርና ከክር ጋር ተጋግሮ እንደ ብርድ ልብስ አፍኗቸዋል። በጣት ሲነሣ ሙሉውን ይላቀቃል። አየር ስለማያልፍ ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ባለቤቱም "አረጀ" ብሎ ይተወዋል። በዓመት አንዴ ማስጠረግ፣ የደረቀውን ተርማል ፔስት (ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ) ማስቀየር ይበቃል። ራሳችሁ ብሎወር የምትነፉ ከሆነ ፋኑ በነፋሱ ኃይል እንዳይሽከረከር በጣት ያዙት።

ምን በምን ይመዘን?

ከዋጋ በፊት የማስቀምጣቸው መመዘኛዎች አሉኝ፤ እኩል ክብደት ግን የላቸውም።

ትልቁ *ሳይነካው በፊት ምን እንደሆነ ይነግራችኋል ወይ* የሚለው ነው። አንድ ጡረታ የወጡ ጎረቤቴን ላንሣ። ዴስክቶፓቸው በአንድ ጊዜ የትኛውንም ድረ ገጽ አልከፍት አለ፤ "ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም" ይላል። የሄዱበት ሱቅ ቫይረስ ነው አለ፣ ፎርማት ተደረገ፣ ሠራ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እንደገና ያው ሆነ። ነገሩ ቫይረስ አልነበረም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ሲአር 2032 ባትሪ ሞታለች። መብራት በሄደ ቁጥር የኮምፒውተሩ ሰዓት ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ቀኑ ከተሳሳተ ደግሞ ብራውዘሩ የድረ ገጾቹን የደኅንነት ሰርተፊኬት አይቀበልም። ፎርማት የተደረገ ዕለት የሠራው ሠሪው ቀኑን ስላስተካከለው ብቻ ነው። ከታች በቀኝ በኩል ያለውን ሰዓት ቀና ብሎ ያየ ሰው በደቂቃ ይጨርሰው ነበር።

ሁለተኛው *ፋይላችሁ* ነው። ፎርማት የሁሉም ነገር መድኃኒት የሆነበት ሱቅ አለ፤ ለሠሪው ችግሩን ከመፈለግ ዊንዶውስ እንደ አዲስ መጫን ስለሚቀለው ነው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ሲ ድራይቭ ይጠረጋል፤ ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስና ዳውንሎድስ ሦስቱም ያሉት እዚያው ነው። በኮምፒውተሩ ቴሌግራም የወረዱ ፋይሎችም ዳውንሎድስ ውስጥ ናቸው። "ባክአፕ አድርጌልሃለሁ" ሲባል ብዙ ጊዜ የተቀዳው ዴስክቶፕና ዶክመንትስ ብቻ ነው። የሒሳብ ሰዎች እዚህ ላይ ይጎዳሉ፤ የፒችትሪ ዳታ በተለምዶ ሲ ድራይቭ ላይ፣ ማንም በማያየው ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። የሱቃችሁን ሒሳብ በፒችትሪ የምትይዙ ከሆነ ከፕሮግራሙ ውስጥ ራሳችሁ ባክአፕ አውጥታችሁ በፍላሽ ሳትይዙ ኮምፒውተሩን ለማንም አትስጡ። በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ያላችሁም ፎንቱን አብራችሁ አስቀምጡ፤ ያለ ፎንቱ ሲከፈት ፊደሉ ሁሉ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል።

የቀሩት አጠር ያሉ ናቸው። የሚገባው ዕቃ አዲስ ነው ወይስ ከሌላ ኮምፒውተር የወጣ? ዋስትናው በወረቀት ነው ወይስ በአፍ? ነገ ቢበላሽ ሰውየውን የት ታገኙታላችሁ? ሲሠራ አጠገቡ መቀመጥ ትችላላችሁ? ከሄደ በኋላስ ያላወቃችሁት ነገር አሁን ይገባችኋል?

አማራጮቹ አንድ በአንድ

*ሱቅ ያለው ጥገና ቤት።* ለዕቃ ብልሽት ቀዳሚው ምርጫ ነው። መለዋወጫ ይዟል ወይም ከጎረቤት ሱቅ ያመጣል፤ ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ቻርጀር፣ ባትሪ፣ ራም፣ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ዲስክ)። አድራሻ ስላለው ተመልሳችሁ መጨቃጨቅ ትችላላችሁ፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ድክመቱ ወረፋውና "አስቀምጠውና ሂድ" መባሉ ነው። ከወንጂ፣ ከሞጆ፣ ከወለንጪቲም ሰው እየመጣለት ስለሚሠራ፣ ለእናንተ ኮምፒውተር ተረጋግቶ የሚያስብበት ጊዜ የለውም። አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "እዚሁ ነው የምትሠሩት ወይስ ትልኩታላችሁ?" ይላካል ከተባለ የምትከፍሉት ለሁለት ሰው ነው።

*ቤት ድረስ የሚመጣ ቴክኒሻን።* ዴስክቶፕ ላለው፣ ዋይፋይና ፕሪንተር ለሚያስቸግረው፣ ለአዛውንቶች፣ ፎቶዋንና ሰነዷን ባይተዋር እጅ ላይ ትታ መሄድ ለማትፈልግ ሴት ከሁሉም የተሻለ ነው። ዓይናችሁ እያየ ይሠራል፤ ችግሩም ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ካለው ነገር ነው፤ ከላላ ሶኬት፣ ከማከፋፈያው፣ ራውተሩ ከተቀመጠበት ጥግ። ሱቅ ስትወስዱት ሁሉም ይሠራል፣ ቤት ሲመለስ አይሠራም፤ እንዲህ ያለውን የሚያገኘው ቤት የመጣ ሰው ብቻ ነው። ክፍያው በመምጣት ነው ወይስ በመሥራት? ይህን በስልክ ጨርሱ። መጥቶ ካልቻለ የባጃጅ ብቻ ይከፈለዋል ወይስ ሙሉውን? ቦርድ የሚነካ ሥራ ከሆነ ቤት መጥቶ የሚሠራው ነገር የለም።

*የሰፈር ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ።* የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በከተማችን መኖሩ ጥቅም ነው። ለሶፍትዌር ጣጣ ጥሩ ተማሪ ከብዙ ሱቅ ይበልጣል፤ ጉጉት አለው፣ ይፈልጋል፣ ያብራራል። ግን ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ መማርና ላፕቶፕ መፍታት የተለያየ ሙያ ነው፤ የስክሪን ገመድ በጥሶ "ይቅርታ ጋሼ" ቢል ምን ታደርጉታላችሁ? ፈተና ሲደርስ ይጠፋል፣ ሲመረቅ ጭራሽ ከተማውን ይለቃል። እና እባካችሁ ክፈሉት። "ልጃችን ነው" ተብሎ በቡና የሚሸኝ ሰው ሁለተኛ ሲጠራ ስልክ ባያነሣ አይፈረድበትም።

*ከሩቅ፣ በኤኒዴስክ።* ኮምፒውተሩ የሚበራና ኢንተርኔት ያለው ከሆነ ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም የምታምኑት ባለሙያ ስክሪናችሁን ከሩቅ ይዞ ያስተካክላል። ለፕሪንተር ማስገባት፣ ለአማርኛ ኪቦርድ፣ ለኢሜይል ፍጹም ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ እናንተ ያልደወላችሁለት ሰው ደውሎ "የኤኒዴስኩን ቁጥር ስጡኝ" ካለ ሌባ ነው። ሥራው ሲያልቅ ፕሮግራሙን ዝጉ፤ እየሠራ ሳለም ባንክ አትክፈቱ።

*ወደ አዲስ አበባ መላክ።* በፈጣን መንገዱ ቅርብ ስለሆነ ሰው ቶሎ ያስበዋል። የሚያዋጣው ለሦስት ነገር ይመስለኛል፤ ለማዘርቦርድ ቺፕ ሥራ፣ ከሞተ ዲስክ ላይ ዳታ ለማውጣትና ለአፕል ኮምፒውተር። ለሌላው ትርፉ ድካም ነው፤ መሄጃ፣ መመለሻ፣ "ነገ ና" ሲባል እንደገና መሄጃ፤ ዋስትና ቢሰጥም ለመጠቀም መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ። በሰው እጅ ከላካችሁ ደግሞ ምን እንደተባለ በትክክል አትሰሙም። ዲስክ ውስጥ የልጆች ፎቶ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ካለና ዲስኩ ድምፅ ማሰማት ከጀመረ ግን ሌላ ቦታ ሳታስሞክሩ አጥፉትና ቀጥታ ላኩት። እያንዳንዱ ማብራት ጉዳቱን ሊያባብሰው ይችላል።

*ማሠልጠኛና የቤት አስተማሪ።* ማሠልጠኛዎቹ "ቤዚክ ኮምፒውተር" ብለው ዊንዶውስ፣ ወርድ፣ ኤክሴል፣ ፓወር ፖይንት፣ አንዳንዴም ፒችትሪ በአንድ ላይ ይሰጣሉ። ለሥራ ፈላጊ ወጣት ሰርተፊኬቱም ሥርዓቱም ይጠቅመዋል። ኮምፒውተሩ ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለሁለት ሦስት፣ ከመመዝገብ በፊት ገብታችሁ እዩ። ለሃምሳ ዓመት እናት ግን ቡድን ውስጥ ገብቶ ፓወር ፖይንት መማር ምን ያደርግላታል? የምትፈልገው ውጭ ካለች ልጇ ጋር በቪዲዮ መነጋገር፣ ፎቶ ማስቀመጥ፣ ደብዳቤ በአማርኛ መጻፍ ነው። ለእሷ ቤት መጥቶ፣ በራሷ ኮምፒውተር፣ በአንድ ቀን አንድ ነገር የሚያስተምር ሰው ያስፈልጋል። ጥሩ አስተማሪ ማውሱን አይነካም። ደብተር ያስወጣል፣ ደረጃውን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ በእጇ ያስጽፋታል፣ በሚቀጥለው ሲመጣ ሳያግዝ ያሠራታል። "ቆይ እኔ ላሳይሽ" እያለ ራሱ የሚጫን ሰው ጠጋኝ እንጂ አስተማሪ አይደለም። የመጻፊያው ነገር እዚህ ላይ ይለያያል፤ ቁቤ ለመጻፍ ያለው ኪቦርድ ይበቃል፣ ለአማርኛ ግን ፓወር ግዕዝ ወይም ዊንዶውስ ራሱ የያዘው የአማርኛ ኪቦርድ መዘጋጀት አለበት። አስተማሪው ከሁለቱ የቱን እንደሚያውቅ ጠይቁት፤ ፊደሎቹ የሚገኙበት መንገድ አንድ አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. (በ2024 እ.ኤ.አ.) ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ነፃና በኢንተርኔት የሚሰጥ ስለሆነ ማውስና ኪቦርድ ለለመደ ልጅ መሞከሩ ክፋት የለውም። ጀማሪ ግን ከዚያ አይጀምርም።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | በምን ይበረታል | ፋይል ከዓይን ይርቃል? | ተመልሶ ማግኘት | ወጪ | የማይሆነው |
|---|---|---|---|---|---|
| ጥገና ቤት | ዕቃ መቀየር፣ ጽዳት | አዎ፣ ካላችሁበት በቀር | ቀላል | መካከለኛ + ዕቃ | ለማስተማር |
| ቤት መጥቶ ሠሪ | ዋይፋይ፣ ፕሪንተር፣ ዴስክቶፕ | አይርቅም | እንደ ሰውየው | መካከለኛ + መምጫ | ለቦርድ ሥራ |
| ተማሪ | ሶፍትዌር፣ ማብራራት | አይርቅም | በፈተና ሰሞን የለም | ዝቅተኛ | ላፕቶፕ ለመፍታት |
| ከሩቅ | ትንንሽ ማስተካከያ | በስክሪን ይታያል | ቀላል | ዝቅተኛ + ዳታ | አልበራም ላለ |
| አዲስ አበባ | ቺፕ፣ ዳታ ማውጣት፣ አፕል | አዎ፣ ለቀናት | ከባድ | ከፍተኛ + ጉዞ | ለፎርማት |
| ማሠልጠኛ | ለሥራ የሚሆን ክህሎት | አይመለከተውም | በኮርሱ ጊዜ | መካከለኛ፣ በኮርስ | ለአዛውንት |
| የቤት አስተማሪ | የዕለት ተዕለት አጠቃቀም | አይርቅም | ቀላል | በሰዓት | ለዕቃ ብልሽት |

ለእናንተ የቱ?

በጀቱ ጠባብ ከሆነና ኮምፒውተሩ የዘገየ ብቻ ከሆነ፣ አዲስ ከመግዛት በፊት ገንዘቡን እዚህ ላይ አውሉት፤ ማስጠረግ፣ የቆየውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መቀየር፣ ከተቻለ ራም መጨመር። ከእነዚህ ሁሉ ልዩነቱ በዓይን የሚታየው ኤስኤስዲው ነው። ሁሉንም ጥገና ቤት በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። አሮጌውን ዲስክ ትታችሁ አትምጡ፤ ፋይላችሁ ሁሉ እዚያ ላይ ነው።

"ዊንዶውስ 11 እጭንልሃለሁ" ለሚላችሁ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ ጠይቁት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ መስጠቱን በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ 11 በይፋ የሚቀበለው ደግሞ፣ በኢንቴል በኩል፣ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ሆነው ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት ክፍል ያላቸውን ነው። ከተማችን ውስጥ የሚሸጡት ያገለገሉ ኤሊትቡክ፣ ላቲትዩድና ቲንክፓድ መካከል 6ኛና 7ኛ ትውልድ አሉ። በጓሮ በር መጫን ይቻላል፤ ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ለተጫነው ዝመና ላረጋግጥ አልችልም ይላል። ለትምህርትና ለፊልም ከሆነ ይሁን፤ የባንክና የሒሳብ ሥራ የሚሠራበትን ግን እንዲህ አላደርገውም።

የ12ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ፣ ብሔራዊ ፈተናው ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር እየተሰጠ ነውና፣ ጥቂት ሳምንት የቤት አስተማሪ ይበቃዋል። ጥያቄ ስክሪን ላይ ማንበብ፣ በማውስ መምረጥ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም፤ ልምምዱ ይኸው ነው። ኤክሴል ይቆየው።

ትንሽ ቢሮ ወይም ሱቅ ያላችሁ፣ ሲበላሽ ከመሯሯጥ ከአንድ ቤት መጥቶ ሠሪ ጋር በሦስት ወር አንዴ እንዲያይላችሁ ተስማሙ፤ ባክአፑን አብሮ ያረጋግጣል። ለዴስክቶፕ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ግዙ። ላፕቶፕ መብራት ሲሄድ በባትሪው ይተርፋል፤ ዴስክቶፕ ግን ፒችትሪው ተከፍቶ ሳለ በድንገት ከጠፋ የሒሳብ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል።

ጥገናው ተመሳሳይ ያገለገለ ላፕቶፕ ከሚሸጥበት ዋጋ ግማሹን ካለፈ ደግሞ አታስጠግኑት። ዲስኩን አውጡና በማቀፊያ አድርጋችሁ እንደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ተጠቀሙበት፣ የቀረውን ለመለዋወጫ ሽጡት።

ከእጃችሁ ሳይወጣ

የላፕቶፑን ታችኛ መለያ ቁጥር፣ የራሙንና የዲስኩን መጠን በስልክ ፎቶ አንሡ፤ 16 ጊጋ ይዞ ገብቶ 8 ይዞ የወጣ ላፕቶፕ ባለቤቱ የሚያውቀው ከወር በኋላ ነው። ብልሽቱ ስክሪን፣ ኪቦርድ ወይም ቻርጀር ከሆነ ፓስወርድ መስጠት አያስፈልግም፤ የግድ ከሆነ ለሠሪው የሚሆን ሌላ ዩዘር ክፈቱለት። ቴሌግራምና ኢሜይላችሁን ከኮምፒውተሩ ውጡ። አዲስ ሞዴል ላፕቶፕ በማይክሮሶፍት አካውንት የምትጠቀሙ ከሆነ ዲስኩ ሳታውቁት ተቆልፎ ሊሆን ይችላል፤ ቦርድ ሲነካ ባለ 48 አሃዝ የቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) ቁልፍ ይጠይቃል፣ ቁልፉ ከሌለ ማንም አይከፍተውም። አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉት። ደረሰኙ ላይ የተቀየረው ዕቃ ስም፣ የዋስትናው ወራትና "ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ፎርማት አይደረግ" የሚለው ይጻፍበት። የመጨረሻውን ለመጻፍ የሚያንገራግር ካገኛችሁ ላፕቶፑን አንሡና ወደ ቀጣዩ ሱቅ ሂዱ።